የአደራ ባትሪ

እትዬ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ «ሦስት ወር ብቻ ነው» ብለውኝ ነበር። የቆዩት ዓመት ከአራት ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ላይ የነበረው አደራ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትሬይለራቸው ባትሪ እንዳይሞት መጠበቅ። ሲነገር ቀላል ነው። የሰው ልጅ በአደራ የሚያሳድግ አለ፣ የሰው ቤት ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ አለ። እኔ ባትሪ አቃተኝ።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ባለቤቴና እኔ በዲቪ የመጣን ጊዜ፣ ኦክላንድ ካለችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንታቸው አንዷን ክፍል ለቀውልን ሥራ እስክናገኝ ዘጠኝ ወር አብረናቸው ኖረናል። መኪና መንዳት ስማር ከጎኔ ተቀምጠው «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ የበሩን እጀታ ጨብጠው የሚሳቀቁት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ እትዬ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ እችል ይሆን አልችል ይሆን ብዬ አላስብም። «እሺ» ነው የምለው።

አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ከቸርቻችን እናቶች አንዳቸውም ያላደረጉትን አደረጉ። ያገለገለ ትሬይለር፣ እሱን የሚጎትት ደግሞ አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። ትሬይለሩ አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ ጠረጴዛና መጸዳጃ ያለው፣ ከመኪና ኋላ የሚሳብ ቤት ማለት ነው። ሰው ብዙ አወራ። «በዚህ ዕድሜያቸው ተሳቢ ምን ያደርግላቸዋል?» ተባለ። እሳቸው ግን «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አንሶላ አጠብኩ፤ አሁን የራሴን አልጋ እየጎተትኩ የምተኛበትን እኔ እመርጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ሁለት ጊዜ ወጡበት። ለሦስተኛው ሲዘጋጁ ታናሽ እህታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ታመሙ። ኩላሊት ነው ተባለ። የሚያስታምም ሰው አልነበረም፤ እህትየው አልወለዱም፣ ባላቸውም ቀድመዋቸው ሞተዋል። እትዬ ቲኬት ቆረጡ።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ትሬይለሩ ወደሚቆምበት ስቶሬጅ ይዘውኝ ሄዱ። ከኦክላንድ ራቅ ብላ ካለችው ዳብሊን ከምትባል ከተማ ትንሽ አለፍ ይላል። ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ትሬይለርና ጀልባ ጎን ለጎን ተደርድሯል። መብራት የሚሰካበት የለም፤ ጣሪያው ፀሐይ ስለሚከለክል ሶላርም አይሠራም። እትዬ ከትሬይለሩ ፊት፣ ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ ከተቀመጠው ጥቁር ሳጥን አጠገብ በርጩማ አድርገው ተቀመጡና ክዳኑን ከፈቱት።

«ሰው ባትሪ የሚያልቀው በሥራ ብዛት ይመስለዋል» አሉኝ። «ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ነው የሚሞተው። በየወሩ መጥተሽ ታይልኛለሽ።»

ባትሪው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእጃቸው «ጥቁሩ ይቅደም» ብለው ጽፈውበታል። ሲፈታ መጀመሪያ የሚነሣው ጥቁሩ ኬብል ነው፤ ቀዩ ከቀደመ ቁልፉ ብረቱን ሲነካ እሳት ይረጫል። የባትሪውን ኃይል የሚለካውን ቴስተር ሰጡኝ። ሁለቱን ሹል ጫፎች የባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አስነኩኝ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት አለ።

«ስድስትም ሰባትም ካለ ሙሉ ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ሲል ወስደሽ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ። ከአሥራ ሁለት በታች ከወረደ ውስጡ ይጎዳል፤ እዚያ አታድርሺው። ቻርጅ ካደረግሽ በኋላ እነዚህን ክዳኖች ከፍተሽ ውሃው ብረቶቹን መሸፈኑን እዪ። ከጎደለ ዲስትልድ የሚባለው የተጣራ ውሃ ብቻ። የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምሪበት።»

«እሺ እትዬ።»

«የመጨረሻው ደግሞ ዋናው ነው። ውስጥ የምድጃው ጋዝ ቢያመልጥ የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ እሱ እንቅልፍ የለውም። መብራቱን ሁሉ ብታጠፊው እሱ ባትሪውን ሲመጥ ይኖራል። ስለዚህ ጥቁሩን ኬብል ነቅለሽ ሂጂ። ይህን ከረሳሽ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አደራ!»

«በሰማይም በምድርም» አልኳቸው። ደግሞ ከልቤ ነበር።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሄይዋርድ ነው፤ የምሠራው ሳን ሆዜ ነው። አንድ አቅመ ደካማ ሽማግሌ ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ፤ በሳምንት ስድስት ቀን። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ አነሣቸዋለሁ፣ አስተኛቸዋለሁ። ጠዋትና ማታ ኤይት ኤይቲ የሚባለው መንገድ ላይ እግሬ ፍሬን ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ባለቤቴ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ይገባል፤ እኔ ስመጣ እሱ የለም፣ እሱ ሲመጣ እኔ ተኝቻለሁ። ቀሪዋ ቀን እሑድ ናት፤ እሷም ቸርች ናት። ለባትሪው የምተርፈው በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሥራ ቀደም ብዬ ስወጣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በደንብ ሠራሁ። በአራተኛው ወር ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ሲወርድ ባትሪውን ፈትቼ፣ በሁለት እጄ ሆዴ ላይ አስደግፌ ወደ መኪናዬ ወሰድኩት። እንደ ሬሳ ይከብዳል። ሄይዋርድ ደርሼ ባለቤቴ ከሥራ እስኪመለስ ጠበቅኩና ሁለታችን ተጋግዘን ሁለተኛ ፎቅ አወጣነው። ቻርጅ ሲደረግ መጥፎ አየር ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ አይሆንም፤ በረንዳው ላይ፣ ልብስ ማስጫው ሥር አስቀምጠን ሰካነው። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ቆሞ አየውና «ይኼ ነገር ለሦስት ወር ነው ያልሺኝ አይደል?» አለ። በማግስቱ ከቸርች መልስ መልሼ ገጠምኩት።

እትዬ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ ይደውሉ ነበር። እዚያ አመሻሹ ላይ ነው፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ደህና ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው ካሉ በኋላ «ስንት አለ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ከኋላቸው የእህታቸው ድምፅ ይሰማኛል፤ «ስንት አለች? ስንት አለች?» ሲሉ። «ተባረኪ» ብለው ይዘጋሉ። እህትየው ለምን እንደሚጠይቁ አስቤበት አላውቅም። በዚያ ሰዓት የማስበው ከፊቴ ስላለው መኪና ነው።

በስምንተኛው ወር እትዬ አንድ ነገር ጨመሩ። «እህቴ ውስጡን ማየት ፈለገች። መብራቱን አብርተሽ ቪዲዮ አድርጊልኝ» አሉኝ። ቅዳሜ ሄጄ ጥቁሩን ኬብል ገጠምኩ፤ መብራቶቹን ሁሉ አበራሁ። አልጋውን፣ እትዬ ራሳቸው የሰፏቸውን ቢጫ መጋረጃዎች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትችለዋን ጠረጴዛ እየዞርኩ ቀረጽኩ። ቪዲዮውን ልኬ መብራቱን አጥፍቼ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌው ጎረቤት ናት። እኔ ከወጣሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀዋል። የሳጥኑን ክዳን ደፍቼ ሮጥኩ።

ጥቁሩን ኬብል አልነቀልኩትም። ያን ቀን አላወቅኩትም፤ ያን ወርም አላወቅኩትም።

ሽማግሌው ዳሌያቸው ተሰብሮ ስለነበር ከሆስፒታል ሲመለሱ ሥራዬ እጥፍ ሆነ። ቀደም ብሎ መውጣት ቀረ። በተከታዩ ወር ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ወደ ስቶሬጁ ነዳሁ። ዳብሊን ስደርስ ዓይኔ እየተከደነ የመንገዱ መስመር ሁለት ሆነብኝ። አንድ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ገብቼ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብዬ ወንበሩን ወደ ኋላ አደረግኩት። ስነቃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ፤ ጉንጬ ላይ የመቀመጫ ቀበቶው ምልክት ተጋድሟል። የስቶሬጁ በር የሚዘጋበት ጊዜ ደርሷል። ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ማለዳ እትዬ ደወሉ። የዚያን ቀን ሥራ ዘግይቼ ስለምገባ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፤ ባለቤቴ በር ላይ ጫማውን ያስራል።

«ስንት አለ?»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አሥር ሰከንድ ባስብ «አልሄድኩም» እል ነበር። አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው፤ እሱን አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«መቼ ሄድሽ?»

ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰካሁት። እሱም የሌላ እግሩን ጫማ ማሰር ጀመረ።

ውሸትም ይለመዳል። በሚቀጥለው ወር «ነጥብ ስድስት»፣ ከዚያ በኋላ «ነጥብ አምስት» አልኩ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ይጠረጥራሉ ብዬ አንድ ወር ላይ «ነጥብ አራት ብሏል፣ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አልኩና በተከታዩ «ነጥብ ሰባት ደርሷል» አልኳቸው። በረንዳ ላይ ስላደረው ባትሪ፣ ስለጨመርኩት ውሃ ሁሉ አወራሁላቸው። «ወገብሽን ተጠንቀቂ፤ ባልሽ ያግዝሽ» አሉኝ። በየወሩ ግን በዚህኛውስ እሄዳለሁ እላለሁ። ቅዳሜ ይደርሳል፤ እግሬ ያበጠ ነው፣ ወይ ሽማግሌው ክፉ ውለዋል፣ ወይ ዝናብ ነው። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ዋሸሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰኞም ሳይሆን፣ ደወሉ። ድምፃቸው ደርቋል። «እህቴ አረፈች። ቀብረናታል። ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ያለቀሱትን አልቅሰው ጨርሰው ነበር መሰለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ከሐዘኑ ቀድሞ ሐሳቤ ውስጥ የገባው ባትሪው ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የሳጥኑን ክዳን ሳነሣ ጥቁሩ ኬብል ከቦታው እንዳለ አየሁት። ቪዲዮው፣ የጎረቤቲቱ ስልክ፣ ሩጫዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ቀዩ ራስ ላይ ነጭ ነገር እንደ ሻጋታ ወጥቶበታል። ቴስተሩን አስነካሁት። ሁለት ነጥብ አንድ አለ። ሹሉ በደንብ ያልነካ መስሎኝ ደገምኩት። ሁለት ነጥብ አንድ።

ተሸክሜ ወሰድኩት። በረንዳው ላይ ቻርጀሩን ስሰካው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ፤ ባትሪ መሆኑንም አላወቀውም። የመኪና ዕቃ መሸጫ ወሰድኩት። ሠራተኛው በራሱ መሣሪያ ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። ስንት ጊዜ ባዶውን እንደቆየ ጠየቀኝ። «ሰባት፣ ስምንት ወር» አልኩት። እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ለማላውቀው ሰው ነው። እሱም «አይመለስም» አለኝና አሮጌውን ተቀብሎ አዲስ ሊሰጠኝ ከመደርደሪያው አንሥቶ አመጣ። ተመሳሳይ ስለሆነ በመልክ አይለይም፤ የሚለየው ፕላስተሩ ብቻ ነው።

«ቆይ» አልኩት። የመኪና ቁልፌን ጫፍ ከሥሩ ሰድጄ፣ «ጥቁሩ ይቅደም» የሚለውን ፕላስተር ሳይቀደድ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ሰውየው ምን እንደማደርግ አልገባውም።

ቤት ስደርስ ፕላስተሩን አዲሱ ባትሪ ላይ ለጥፌ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ጫፉ አልያዝ ሲል ሙጫ ቀባሁት። ባለቤቴ ለሥራ ለባብሶ በረንዳው በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

«ንገሪያቸው» አለኝ።

«እነግራቸዋለሁ።»

«ልትነግሪያቸው ከሆነ ይኼን ለምን ትለጥፊያለሽ?»

የሙጫውን ክዳን ገጠምኩ። እሱም ሰዓቱ ደርሶበት ሄደ።

እትዬን ከኤርፖርት የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ከስተው ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ኦክላንድ አፓርትመንታቸው ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ሞላ። ጸሎት ተደረገ፣ ተዘመረ። ሰው ዝም ሲል እትዬ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። ስለ እህታቸው ተናገሩ፤ የጠየቋቸውን አመሰገኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺን ልጅ አይታችኋል? ዓመት ከአራት ወር አደራዬን ጠብቃልኛለች። ያውም እንዲህ እየሠራች፣ እንዲህ እየደከመች። በየወሩ ሳታሰልስ። ጌታ ዋጋሽን ይክፈልሽ።»

«አሜን» አለ ቤቱ። አንዲት እናት እጄን ይዘው ሳሙኝ። ባለቤቴ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ውሃ ከፍቼ ቆምኩ። ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የሚመጣው ሰው አላለቀም፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ጊዜው አይደለም እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እንቅልፌ ሁሉ ሄደ፤ ለእንቅልፍ ብዬ የዋሸሁት ሰው። ከዚያ እትዬ «ትሬይለሬን እንይ» አሉ፤ በእኔ መኪና ሄድን። ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት። ፕላስተሩን አይተው በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ቴስተሩን አስነኩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት።

«አየሽ!» አሉ፤ ከመጡ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። «ባዳ ናት ይሉሻል፤ ከዘመድ ትበልጫለሽ።»

«እትዬ፣ አዲስ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ባትሪው። የእርስዎ ሞቷል። ፕላስተሩን አንሥቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቪዲዮ የቀረጽኩ ቀን ኬብሉን መርሳቴን፣ ፓርኪንግ ውስጥ እንቅልፍ መውሰዱን፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አለመሄዴን። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ካቋረጥኩ የምጨርሰው አልመሰለኝም። እትዬ ክዳኑን አስቀምጠው የትሬይለሩ መውጫ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ጊዜ ነው የዋሸሽኝ?»

«ስምንት።»

«ስምንት» አሉ። ከጣሪያው ሥር ርግቦች ይንጎራደዳሉ። «ቁጥሩን ማን ይጽፈው እንደነበር ታውቂያለሽ? እኔ አይደለሁም። እህቴ ናት። ደብተር ነበራት። የደወልኩልሽን ቀን የባትሪው ቀን ትለው ነበር። ቀን መቁጠር ጠልታ ነበር፤ የዲያሊሲስ ቀን፣ የሐኪም ቀን። በደስታ የምትጠብቀው ይኼን ነው። ድናልኝ ይዣት ልመጣ፣ በዚህ ልንዞር ነበር። መጨረሻ ላይ መነሣት አቅቷት ተኝታ ሁሉ ትጽፍ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ደከመኝ ማለት አቃተሽ?»

«እርስዎ እዚያ በሽተኛ ይዘው እያደሩ፣ እኔ ደከመኝ ብዬ...»

«እኔስ ደክሞኝ አልነበረም? ሁለታችንም ደክሞናል እንባባል ነበር፤ ምን ይመጣል?» ድምፃቸው ከፍ አለ። ሲቆጡኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። «ባትሪ ሱቅ ሞልቶታል። ያልሄድሽበትን ቀን ሄድኩ ብለሽ፣ እኔ ደግሞ እሱን ለሚሞት ሰው ነገርኩ።»

ከዚያ ተነሥተው ጥቁሩን ኬብል ነቀሉ፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጎን አደረጉት፤ ክዳኑን ገጠሙ። እስከ ኦክላንድ ድረስ በጎናቸው ባለው መስኮት ውጪውን ሲያዩ ቆዩ። መኪናው ሲቆም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወረዱ። ከስድብ በላይ ያመመኝ ያ ነው፤ ለታክሲ ነጂ የሚባል ዓይነት ነበር።

ሁለት ወር አልደወሉም። ቸርች ስንገናኝ ጉንጬን ይስሙና ያልፋሉ። ስልክ ስደውል ያነሣሉ፤ «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ይበቃል። ባለቤቴ ሽማግሌ እንላክ አለኝ፤ እኔ ግን ምን ብለው ያስታርቁን? የተካካድነው ነገር የለም፤ ሁሉንም አውቀውታል። የሚያሳፍረውን ሁሉ ከጻፍኩ ይህንም ልጨምር፤ በዚያ ሁለት ወር ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ የሚጠበቅብኝ ነገር ባለመኖሩ እፎይ ያልኩበት ጊዜም ነበር። ሶፋው ላይ ተጋድሜ፣ እያዘንኩም፣ እተኛ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ደወሉ። «የፊታችን ቅዳሜና እሑድ ፈቃድ ጠይቂ። ባሕሩ ዳርቻ ካለ ካምፕ ቦታ ይዣለሁ። ብቻዬን አልጎትተውም፤ ወደ ኋላ ስነዳ የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አሉ። ይቅር ብያለሁም አላሉ፣ አላልኩምም አላሉ። «እሺ» አልኩ። ከዚያ ለቀጣሪዬ ደውዬ ቅዳሜን ጠየቅኩ፤ ሙሉ ቅዳሜ ከጠየቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እኔም አላስታውስም።

ፒክአፑን የነዱት እትዬ ናቸው፤ በቀኙ መስመር፣ ከኋላችን ሰልፍ እየተሠራ። ድልድዩን አልፈን ተራራውን ስንወጣ ሞተሩ አቃሰተ። «ይጩኹ፤ መንገዱ የጋራ ነው» አሉ ከኋላ ክላክስ ሲበዛ። ከተራራው ማዶ ስንወርድ ጉም ተቀበለን። ካምፑ ስንደርስ ባሕሩ ይሰማል፤ ግን አይታይም። ወርጄ እጄን እያወናጨፍኩ ቦታው አስገባኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ገባ። ጥቁሩን ኬብል ገጠሙ። ቢጫዎቹን መጋረጃዎች ከፈትን፤ ውጪው እንደ ወተት ነጭ ነው።

እትዬ ለሻይ ውሃ ጣዱና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጠረጴዛው ሲታጠፍ አልጋ በሚሆነው መቀመጫ ላይ ነበርኩ።

«ደብተሩ ከእኔ ጋር ነው» አሉኝ፤ እኔን ሳያዩ። «ስምንቱን ቁጥሮች ልሰርዝ ብዕር ይዤ ነበር። ውሸት ናቸው ብዬ። ግን የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። እንዴት አድርጌ ልሰርዘው? ተውኩት።»

ውሃው ሲፈላ ሻዩን ቀዳሁ። ግማሹን ጠጡና «ጉሙ እስኪገለጥ ጋደም ልበል፤ ከዚያ ወርደን እናያለን» አሉ። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ብዬ ጋደም አልኩ። ብርድ ልብስ ሲወረውሩልኝ አስታውሳለሁ።

የነቃሁት በበሩ ስንጥቅ በገባ ብርሃን ነው። ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እትዬም ኮታቸውን እንደለበሱ፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ ከቀትር ጀምሮ የተኙበትን ጎን ሳይቀይሩ ተኝተዋል። ትላንት ለምሳ ያመጣነው ምግብ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ አለ። ሲነቁ ሰዓቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ እንባ አመጣብኝ።

ጉሙ አልተነሣም። ከቀትር በፊት ቦታውን መልቀቅ ስለነበረብን ወደ ባሕሩ ሳንወርድ ምሳችንን ለቁርስ በላንና ትሬይለሩን አያያዝን። ተራራውን መልሰን ስንወጣ እትዬ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «እህቴ ብትኖር እኮ አታስተኛንም ነበር» አሉ። ከዚያ ስለ እህታቸው ማውራት ጀመሩ፤ በልጅነታቸው አብረው ስለሠሩት ተንኮል፣ እህትየው የሰው አነጋገር እየኮረጁ እንዴት ያስቁ እንደነበር። እስከ ስቶሬጁ ድረስ አወሩልኝ። እኔ አዳመጥኩ።